ገበታና መርዝ፤ የወጥ ቤት ምርመራ ልብ ወለድ ታሪክ፣ ደስታውና ጉድለቱ

ሰው ሆኖ ከሁለት ነገር የሚያመልጥ የለም፤ ይበላል፣ ይሞታል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አጣምሮ አንባቢን ማሳቅና ማስደሰት ይቻላል ቢባል ቶሎ የሚያምን አይገኝም። ነገር ግን በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ይህንኑ የሚያደርግ አንድ ዓይነት ልብ ወለድ አለ፤ አንባቢውም እጅግ ብዙ ነው። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ ወንጀሉን የሚመረምረው የፖሊስ መኰንን አይደለም። ብስኩት ጋጋሪ፣ ለድግስ ምግብ አቅራቢ ወይም የቡና ቤት ኃላፊ የሆነች ሴት ናት። ሰው ይገደላል፤ እርስዋም ሊጥዋን እያቦካች ነፍሰ ገዳዩን ትፈልጋለች። በምዕራፉ መጨረሻም የጋገረችው ኬክ አሠራር ከነመጠኑ ታትሞ ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከየት እንደ መጣ፣ ስለ ምን እንደ ተወደደና የጐደለውም ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ እምነት መናገር ያስፈልጋል። ሰው ሌላው ያቀረበለትን ምግብ ሲጐርስ ነፍሱን ለአቅራቢው አደራ ሰጠ ማለት ነው። በአገራችን ጠጅ ቀጂው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ መቅመሱ የቆየ ልማድ ነበር፤ ትርጕሙም «ያቀረብሁልህን እኔም ቀምሼዋለሁና አትጠራጠር» ማለት ነው። በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶችም የነገሥታቱን ምግብና መጠጥ ቀድመው የሚቀምሱ አገልጋዮች ነበሩ። ጠላት በጎራዴ ቢመጣ ሰው ይሸሻል ወይም ይመክታል፤ ሞት በማዕድ ከመጣ ግን የተገደለው አፉን የከፈተው ወዳጁን አምኖ ነው። በምግብ መግደል ከግድያ ሁሉ የከፋ መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ይህ ፍርሃት ተረት አልነበረም። አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ነጭ ዱቄት ነው፤ ሽታ የለውም፣ ከምግብ ጋር ሲቀላቀልም ጣዕሙ አይታወቅም። ለአይጥ ማጥፊያ እየተባለ በርካሽ ይሸጥ ስለ ነበር በየቤቱ ይገኝ ነበር። በ1836 ጄምስ ማርሽ የተባሉ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ዐዋቂ በሞተ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ጥቂት አርሴኒክ እንኳ ገልጦ የሚያሳይ የምርመራ ዘዴ አወጡ። በ1851 ደግሞ ሻጩ የገዢውን ስም በመዝገብ እንዲጽፍ፣ በጥቂቱ የሚሸጠውም አርሴኒክ ከስኳርና ከዱቄት እንዲለይ በጥቀርሻ ወይም በቀለም እንዲቀላቀል የሚያዝዝ ሕግ ወጣ።

ሕጉ ግን ሁሉን አላዳነም። በ1858 በብራድፎርድ ከተማ አንድ ከረሜላ ሻጭ የሚሸጠው ከረሜላ የተሠራው ስኳር ለመቈጠብ ተብሎ ጄሶ መሳይ ዱቄት እየተጨመረበት ነበር። አንድ ቀን ከመድኃኒት መደብር በስሕተት በዚያ ዱቄት ፋንታ አርሴኒክ ተሰጠ፤ ከረሜላውም ተሠርቶ በገበያ ተሸጠ። ወደ 20 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 የሚበልጡ ታመሙ። ከሞቱትም መካከል ሕፃናት ነበሩ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጅማሬ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ካሳተሙት አጭር ታሪክ ነው። ታሪኩ በፓሪስ የተፈጸመን ግድያ በማሰብ ኃይል ብቻ ፈትቶ ያሳያል። ከዚያም በ1887 የሰር አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆልምስ ለመጀመሪያ ጊዜ «የቢተን የገና ዓመታዊ መጽሔት» በተባለው ላይ ወጣ። ይህ መጽሔት የተሰየመው በመሥራቹ በሳሙኤል ቢተን ስም ነው፤ የእኚህም ሰው ባለቤት በ1861 ታትሞ የእንግሊዝን ወጥ ቤት ሁሉ ያስተማረውን ታላቅ የቤት አያያዝና የምግብ መጽሐፍ ያዘጋጁት ወይዘሮ ኢዛቤላ ቢተን ናቸው። እንግዲህ የምግብ መጽሐፍና የምርመራ መጽሐፍ ከመነሻቸው ጎረቤታሞች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለቱን ይበልጥ ያቀራረቡት ወይዘሮ አጋታ ክሪስቲ ናቸው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ሠርተው ስለ ነበር፣ የትኛው መርዝ በምን ያህል ጊዜ እንደሚገድል ያውቁ ነበር። በ1920 በታተመው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው የሟቿ ሞት ምክንያት ስትሪክኒን ሲሆን፣ መርማሪው ስለ ቡናና ስለ ካካዎ ሲኒዎች ብዙ ይጠይቃል። በ1953 ባወጡት በሌላው መጽሐፍ ደግሞ መርዙ የተገኘው ለቍርስ በቀረበ ማርመላታ ውስጥ ነው። የእርሳቸው ዘመን ባልደረባ ዶሮቲ ሴየርስም በ1930 ባሳተሙት ልብ ወለድ አንድ ሰው በአርሴኒክ ይሞታል፤ ነገር ግን በዚያ ምሽት ከበላው ምግብ ሁሉ ሌላ ሰው አብሮት በልቷል። አብሮ መብላት የንጽሕና ምስክር ከሆነ፣ መርዙ ከየት መጣ? አንባቢውን እስከ መጨረሻው የሚያስጨንቀው ይህ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ ሬክስ ስታውት የተባሉት ደራሲ በ1934 ኔሮ ዎልፍ የተባለውን ወፍራም መርማሪ ፈጠሩ። ዎልፍ ከቤቱ መውጣት የማይወድ፣ በምግብ ነገር ግን የማይቀልድ ሰው ነው። በ1938 በወጣው መጽሐፍ ታላላቅ ወጥ ሠሪዎች በአንድ ሆቴል ተሰብስበው የመቅመስ ውድድር ያደርጋሉ። ዘጠኝ ሳህን ሶስ ይቀርባል፤ በየሳህኑም ከቅመሞቹ አንዱ ጐድሏል፤ ተወዳዳሪው የጐደለውን በምላሱ መለየት አለበት። በውድድሩ መካከል ከወጥ ሠሪዎቹ አንዱ ይገደላል፤ ዎልፍም የእያንዳንዱን ሰው የመቅመስ ውጤት እንደ ማስረጃ ይመረምራል። በዚያው መጽሐፍ ዎልፍ የሆቴሉን ጥቁር ሠራተኞች ሰብስቦ በአክብሮት ያነጋግራቸዋል፤ በአክብሮቱም ምክንያት ሌሎች በማስፈራራት ያላገኙትን እውነት ያገኛል። በ1953 ደግሞ ሮልድ ዳል በአንድ አጭር ታሪክ፣ ሚስት ባልዋን በበረዶ በደረቀ የበግ እግር መትታ ስትገድለው፣ ሥጋውንም ጠብሳ ለመርማሪ ፖሊሶች ስታበላቸው አሳዩ። አንባቢ ይሥቃል፤ ከሣቀ በኋላ ግን ትንሽ ይቀፈዋል። ይህንም መቀፍ ደራሲው ዐውቀው ያስቀመጡት ነው።

ዛሬ የምናውቀው የወጥ ቤት ምርመራ ልብ ወለድ ግን ራሱን ችሎ የቆመው በ1980ዎቹ ነው። ቨርጂኒያ ሪች የተባሉ ስለ ምግብ በጋዜጣ ይጽፉ የነበሩ አሜሪካዊት በ1982 ስለ አንድ የምግብ ማብሰያ ትምህርት ቤትና በዚያ ስለ ተፈጸሙ ግድያዎች ልብ ወለድ አሳተሙ። ዋናዋ ሰው በዕድሜ የገፋች ባልዋ የሞተባት ሴት ስትሆን፣ የምግቦቹም አሠራር በመጽሐፉ ውስጥ ተጨምሯል። በ1990 ዳያን ሞት ዴቪድሰን በኮሎራዶ ስለምትኖር የድግስ ምግብ አቅራቢ፣ ካትሪን ሆል ፔጅም የቄስ ሚስት ስለሆነች ወጥ ሠሪ መጻፍ ጀመሩ። በ2000 ጆአን ፍሉክ በሚኒሶታ ስላለች ብስኩት ጋጋሪ ጽፈው እስካሁን ከ20 በላይ መጻሕፍት ቀጥለውበታል። በ2003ም ክሊዮ ኮይል በሚል የብዕር ስም የሚጽፉ ባልና ሚስት በኒው ዮርክ ባለ አንድ ቡና ቤት የሚፈጸም ተከታታይ ታሪክ አወጡ። ቡና ከአገራችን የወጣ ተክል ነውና ይህ የመጨረሻው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቡና በሚጠጣበት ስፍራ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ እንደሚሰማ እኛም እናውቃለን፤ መርማሪዋም ከፖሊስ ጣቢያ ይልቅ እዚያ መቀመጥዋ ብልኀት ነው።

አሁን ስለ ተወዳጅነቱ ምክንያት እንናገር። አንደኛው ምክንያት እንቈቅልሽነቱ ነው። በ1930 በለንደን የተቋቋመው የምርመራ ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር አባሎቹ አንባቢውን እንዳያታልሉ፣ ፍንጩንም ሁሉ በግልጥ እንዲያቀርቡ ቃል ያስገባ ነበር። የወጥ ቤቱም ልብ ወለድ የዚህ ሥርዓት ወራሽ ነው። ሁለተኛው ምክንያት መጽሐፉ ሲዘጋ ሥርዓት መመለሱ ነው፤ ጥፋተኛው ይያዛል፣ መንደሩም ይረጋጋል። በ1948 ባለቅኔው ኦደን ይህን በጽሑፍ ሲያብራሩ፣ የእንዲህ ያለ ታሪክ አንባቢ የሚፈልገው ወደ ጠፋው የገነት ንጽሕና መመለስን ነው ብለው ነበር።

ሦስተኛውና እጅግ የሚበልጠው ምክንያት ግን ለወጥ ቤት ዕውቀት የተሰጠው ክብር ነው። ለብዙ ዘመን ዓለም የማብሰልን ሥራ እንደ ዕውቀት አልቈጠረውም። በእነዚህ መጻሕፍት ግን ሊጥ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ምድጃ መቼ እንደሚቀዘቅዝ፣ ማን ምን እንደማይበላ የምታውቀው ሴት ያን ዕውቀትዋን እንደ ማስረጃ ታቀርባለች፤ ፍርድ ቤትም ይቀበለዋል። የተማረ መኰንን ያለፈውን ነገር እርስዋ ከአንድ ሳህን ላይ ታነብበዋለች። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ደራስያኑም ሊመሰገኑበት ይገባል።

ጉድለቱስ? ጥቃቅኑን አስቀድመን እንናገር። በትንሽ ከተማ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይገደላል፤ ሆኖም ከተማውን ለቅቆ የሚሄድ የለም። ከ1984 እስከ 1996 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው «መርደር ሺ ሮት» የተባለው ተከታታይ ታሪክ በዚሁ ምክንያት መቀለጃ ሆኖ ነበር። ፖሊሱ ሁልጊዜ ዘገምተኛ ነው፤ አለዚያ ለጋጋሪዋ ሥራ አይተርፍላትም። የምግቡም አሠራር አንዳንድ ጊዜ ታሪኩን መካከል ላይ ይቈርጠዋል፤ አንባቢ ገዳዩን ሲጠብቅ ቅቤና ስኳር ይመዘንለታል። መጻሕፍቱ ሲበዙም እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ደራሲው ሬመንድ ቻንድለር በ1944፣ ሐያሲው ኤድመንድ ዊልሰንም በዚያው ዓመትና በ1945 በምርመራ ልብ ወለድ ላይ የጻፉት ወቀሳ ይህ ዓይነት መጽሐፍ ራሱን ችሎ ከመቆሙ በፊት የተጻፈ ቢሆንም፣ ብዙው ዛሬም ይሠራበታል።

ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ በእነዚህ መጻሕፍት ለሟቹ የሚያለቅስ የለም። የሚገደለው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ፣ ስስታም ወይም በሁሉ የተጠላ ሆኖ ይቀርባል፤ ይህም የሚደረገው አንባቢው እንዳያዝን ነው። ሬሳው በሁለተኛው ምዕራፍ ይገኛል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ሰዎቹ ቡናና ኬክ ይዘው ማን ገደለው ብለው ይጫወታሉ። ለእኛ ለቅሶ ቤት ለምንቀመጥ፣ ለሐዘንተኛ እህልና ውሃ ተሸክመን ለምንሄድ ሰዎች ይህ የሚያስገርም ነው። በሐዘን ቤት የሚቀርበው ምግብ ሟቹን ለማስታወስና የቀሩትን ለማበርታት ነው እንጂ ነገሩን ለማስረሳት አይደለም። «የሞተ ተጐዳ» ይላል የአገራችን ሰው። በእነዚህ መጻሕፍት ግን የሞተው የተጐዳ እንኳ አይመስልም፤ እንቈቅልሹን ከከፈተ በኋላ ሥራው አልቋል።

ለዚህ ወቀሳ መልስ የሚሰጡ አሉ። «ጨዋታ እኮ ነው፤ አንባቢው ከሥራና ከሐዘን ዐርፎ ሊሥቅ ነው የገዛው» ይላሉ። መልሱ እውነትነት አለው። ሰው ሁልጊዜ ከባድ መጽሐፍ ብቻ ያንብብ ማለት ሁልጊዜ ይጹም እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ቀላል መሆንና ልብ የሌለው መሆን አንድ አይደሉም። የዴቪድሰንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ብንመለከት ሴትየዋ ይደበድባት ከነበረ ሐኪም ባልዋ የተፋታች፣ ልጅዋን ለብቻዋ የምታሳድግ ናት። ለቀብር መልስ እንግዶች ምግብ ስታቀርብ ከእንግዶቹ አንዱ መርዝ ይቀምሳል፤ ፖሊስም የምግብ ሥራዋን ያስቆምባታል። ገዳዩን የምትፈልገው ለወሬ አይደለም፤ እንጀራዋ ስለ ተዘጋ ነው። መጽሐፉ ያስቃል፣ የምግብ አሠራርም አለበት፤ ሆኖም ክፋት ሰውን እንደሚጐዳ አይሸሽግም። እንግዲህ ሁለቱን ማስማማት ይቻላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ብራድፎርድ እንመለስ። በ1858 በዚያ ከተማ ልጆች የሞቱት ደስ እያላቸው በበሉት ጣፋጭ ነገር ነው። በዚያ ቤት የቀሩት እናቶች እንቈቅልሽ አልቀረላቸውም፤ የቀረላቸው ባዶ አልጋ ነበር። ከዚያ ሞት በኋላ በእንግሊዝ አገር ስለ ምግብ ንጽሕናና ስለ መርዝ ሽያጭ የወጡት ሕጎች የበረቱት ሕዝቡ ሟቾቹን ስላልረሳ ነው። የወጥ ቤት ምርመራ ልብ ወለድ መነሻው ይህ እውነተኛ ፍርሃት ከሆነ፣ ፍርሃቱን ጨርሶ የዘነጋ መጽሐፍ ጣዕሙን ያጣል፤ ጨው የሌለው ወጥ ይሆናል።

ስለዚህ ይህን ዓይነት መጽሐፍ የሚያገኝ ተማሪ በንቀት አይጣለው፤ በውስጡ የተናቀ ዕውቀት የተከበረበት ታሪክ አለና። ነገር ግን ሲያነብብ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይህ ደራሲ ለሟቹ ስም፣ ቤትና የሚያለቅስለት ሰው ሰጥቶታልን? ሰጥቶት ከሆነ መጽሐፉ ቀላል ቢሆንም መልካም ነው። ካልሰጠው ግን ኬኩ ቢጣፍጥም ገበታው ጐደሎ ነው።