ከዴርቶጋዳ ወዲያ

ስሙኝማ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የንባብ ልክፍት የያዘው አንድ ልጅ ምን እያነበበ እንደከረመ ላጫውታችሁ።

ልጁ የእህቴ ልጅ ነው፤ ስማዳ፣ ወገዳ ተወልዶ ያደገ። አንድ ክረምት ነፋስ መውጫ እኛ ዘንድ ሊያሳልፍ መጣ። የጋይንትን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉና ጭጋግ ለብሶ ይውላል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጁ ጋቢዬን ተከናንቦ ምድጃ ዳር ከተቀመጠ የሚያነሳው የለም። ምን ይዞት ነው ብዬ ጠጋ ስል መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ወልቆ በሲሚንቶ ወረቀት ተለብዷል። ጀርባው በወፍራም ክር ተሰፍቷል። የገጾቹ ጥግ ከመገለጥ ብዛት ጠቁሯል፤ ያነበበው ሁሉ ደግሞ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙንና የጨረሰበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፎበታል። የኪራይ መጽሐፍ ነው፤ ዴርቶጋዳ።

ጥቂት ቆይቶ መጣና፣ «ጋሼ፣ ጨረስሁ» አለኝ። «ዴርቶጋዳንም፣ ራማቶሓራንም፣ ዣንቶዣራንም። ከዚህ ወዲያ ምን አንብብ ይሉኛል?»

እናንተዬ፣ ይኼ ቀላል ጥያቄ አይምሰላችሁ። ለአንባቢ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው፣ «ይኼን አንብብ፣ ዝነኛ ነው» ካለ ሥራውን አልሠራም። አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። እኔም ጠየቅሁት፤ «ከሦስቱ ውስጥ ምኑ ጣመህ? ስለላው ነው? ሳይንሱ ነው?»

አሰብ አደረገና፣ «ጣና ነው» አለኝ። «የማውቀው ውኃ ነው። ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራ እዚያ ነው የሚገቡት። እዚያ ውኃ ላይ እኔ የማላውቀው ዓለም ሊኖር ይችላል ብሎ ማሰቡ እንቅልፍ ነሳኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይስማዕከ ወርቁ ገና በወጣትነቱ የጻፈው ያ መጽሐፍ ደጋግሞ የታተመው ለዚህ ነው። የጣናን ገዳማት ከጠፈር ምርምርና ከስለላ ድርጅቶች ጋር አጋጭቶ፣ ወጣቱን የሚቀጥለው ቅጽ መቼ ይወጣል ብሎ መጠበቅን አስለመደው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሦስቱ የመጀመሪያው ይበልጣል፤ ልጁ ግን በዚህ አይስማማም፣ ራማቶሓራን የሚነካበት ሰው ጠላቱ ነው።

እናም ከደጁ ሳላርቅ ጀመርሁለት። የአለማየሁ ዋሴን እመጓን ሰጠሁት፤ ቀጥሎ ዝጎራን፣ ከዚያም መርበብትን። እነዚህ በገዳማትና በበረሃ የሚዞር ሰው የሚተርካቸው፣ ምሥጢር ከምሥጢር የሚወልዱ መጻሕፍት ናቸው። ልጁ እመጓን አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋውጦ መጣ። «ጋሼ፣ ይኼ እውነት ነው ወይስ ልብ ወለድ?» አለኝ። ይኼን ጥያቄ የሚያስነሳ መጽሐፍ በአገራችን አንባቢ የሚያጣበት ዕለት ብርቅ ነው። ተአምረ ማርያም እየሰማ፣ ገድል ሲነበብ ቆሞ እያዳመጠ ያደገ ሕዝብ፣ ተአምር ሲነገረው ጆሮው ይቆማል።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ ነገርሁት፣ ለእናንተም ልንገራችሁ። ዛሬ ዛሬ መጽሐፈ ሄኖክን ከምናብ ልብ ወለድ ጋር የሚደረድሩ አሉ። ሰማያትን የሚዞር ነቢይ ስላለበት፣ ከሰማይ የወረዱ ትጉሃን መላእክት ከሰው ልጆች ጋር ተጋብተው ግዙፋን ስለሚወልዱበት ነው። ሄኖክ ግን ቅዱስ መጽሐፋችን ነው፤ ሙሉው የተረፈውም በግእዝ ብቻ ነው። በክብሩ ይቀመጥ። ልብ ወለድ ጸሐፊ ከእሱ ሊቀዳ ይችላል፤ አንባቢ ግን መደርደሪያውን ማወቅ አለበት።

«ከድሮዎቹስ?» አለኝ ቀጥሎ። ከድሮዎቹ ጦቢያ አለችልህ፤ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተማት፣ የመጀመሪያዋ የአማርኛ ልብ ወለድ። ልጅቷ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ ልጁ ባንድ ቀን ዋጣት።

ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ስትሄዱ ዜና እስክንድር አለ። ታላቁ እስክንድር በግእዝ ሲተረክ አምላኩን የሚፈራ ንጉሥ ሆኖ፣ ጎግና ማጎግን በበር ዘግቶ፣ የሕይወትን ውኃ ፍለጋ ጨለማ አገር የሚገባበት ታሪክ ነው። ልብ በሉ፤ ዋሊስ በጅ እ.ኤ.አ. በ1896 በእንግሊዝኛ ያወጣው በከፊል ከመቅደላ ተዘርፈው ብሪቲሽ ሙዚየም ከገቡት ብራናዎች ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያከማቹዋቸው መጻሕፍት ብዙ ነበሩ፤ ከእነሱ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ለንደን ገቡ። ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሚወስደው ጎዳና ደግሞ በእኛው ጋይንት ነው የሚያልፈው። ንጉሡ መድፋቸውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በጨጨሆ ያለፉበት መንገድ፣ ዛሬ ልጁ ከመኪና መስኮት የሚያየው አገር ነው። ይኼን ስነግረው ዝም አለ። መጽሐፍ በአገሩ አልፎ ሄዶ አልተመለሰም፤ ምን ይበል?

«ፈረንጆቹስ ጋሼ?»

እሺ፣ ወደ ፈረንጆቹ እንሂድ። ግን ቀድሜ አንድ ፈረንጅ ራሱ በልብ ወለድ ተመርቶ እንዴት ጋይንት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1759 ራሴላስ የተባለ ታሪክ አወጣ። ራሴላስ የሐበሻ ንጉሥ ልጅ ነው፤ ሁሉ ነገር በሞላበት፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ተዘግቶበት ይኖራል። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። በወጣትነቱ የጀስዊቱን ሚስዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ስለነበር፣ መሳፍንት አምባ ላይ ይታሰሩ እንደነበር ያውቃል። ከዚያች ወሬ ያን ሁሉ ዓለም ፈጠረ። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አልፎ፣ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ገና ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት ያን የመሳፍንት ተራራ ፍለጋ አገራችን መጣ። ተራራ ፍለጋ ሲዞር ጋይንት፣ ቤተልሔም ደረሰ።

ቤተልሔምን የማታውቁ ስሙ። ያን ጊዜ ከውጭ ሲያዩት እንደ ሌላው የገጠር ደብር ክብ፣ ሣር ክዳን ነው። በሩን አልፈው ሲገቡ ግን በክቡ ውስጥ ሌላ ቤት ቆሟል፤ ባለ አራት ማዕዘን፣ በጥርብ ድንጋይና በእንጨት የታነጸ፣ የመካከለኛው ዘመን ቤተ መቅደስ። ሰውዬው ዓይኑን ማመን አቃተው። እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው፣ የራሴላስ ተራሮች ብሎ በሰየመው መጽሐፍ ተረከው፤ ከዚያ ወዲህ የውጭ አገር ሰዎች «ያገኘው እሱ ነው» ይላሉ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ቤቱ ጠፍቶ አያውቅም። ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው። ድጓ ተምሬያለሁ የሚል ሁሉ ከየአገሩ በእግሩ መጥቶ የሚመሰክርበት፣ የራሱ የዜማ ስልት በስሙ የሚጠራለት ቦታ ነው። እዚያው ጋይንት ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር አለ፤ ቅዱስ ያሬድ የደረሰው እዚያ ነው ይባላል። በእስቴ በኩል ቆማ አለ። በእኛ አገር ጭጋግ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች አሉ።

እንግዲህ ይኼን ያዙልኝ፤ ለልጁ የመረጥሁለትን የፈረንጅ መጽሐፍ ምክንያት አሁን ታገኙታላችሁ።

ኡርሱላ ለግዊን የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1968 ኧርዝሲ የተባለ፣ ደሴት ብቻ የሞላበት ዓለም ፈጥራ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አወጣች። በ1971 እና በ1972 ሁለት ጨመረች፤ ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ በ1990 አራተኛውን፣ በ2001 ደግሞ ሁለት አከለች። ስድስት ናቸው። ሌላው ቢቀር የመጀመሪያውን አንብቡ።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት ላይ እናቱ የሞተችበት ፍየል ጠባቂ ልጅ አለ። አንድ ቀን ፍየል ጎጆ ክዳን ላይ ትወጣለች፤ አክስቱ አንድ ነገር ተናግራ ታወርዳታለች። ልጁ ቃሉን ሰምቶ ያዘው። በማግስቱ ሜዳ ላይ ፍየሎቹን በዚያው ቃል ሲጠራቸው ሁሉም መጥተው ከበቡት፤ ሂዱ ቢላቸው አይሄዱም፣ ዓይናቸውን ተክለው ያዩታል። ልጁ ፈርቶ ሮጠ፤ እነሱም ተከተሉት። ትንሽ ጎርመስ ሲል ደግሞ ወራሪ በመጣ ጊዜ፣ ጭጋግ ጠርቶ መንደሩን ይሸፍናል። ከዚያ ለትምህርት ወደ ሩቅ ደሴት ይሄዳል። እዚያ የስም መምህር አለ፤ ብቻውን በቆመ ግንብ ውስጥ ለተማሪዎቹ የነገሮችን እውነተኛ ስም ጽፎ ይሰጣል። እኩለ ሌሊት ላይ ቀለሙ ከገጹ ይጠፋል፤ እስከዚያ ድረስ በቃሉ ያልያዘ ምንም አይቀርለትም።

አሁን ንገሩኝ፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ለምኖ፣ በጨረቃ ቀለም ሲቆጥር የሚያድር ተማሪ ባለበት አገር ላደገ ልጅ ይኼ ባዕድ ነው? የጎንቱ ልጅ ስም ነገር ደግሞ አለ። ጌድ የሚለውን እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላው የሚጠራው በሌላ ስም ነው፣ ምክንያቱም ስምህን ያወቀ ሊገዛህ ይችላል። እኔም እናቴ የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር እየመከረች ነው ያሳደገችኝ፤ ደብተራ ሰምቶ ክፉ እንዳይሠራበት። የእህቴ ልጅ መጽሐፉን በመዝገበ ቃላት እየታገለ ሲያነብ ቆይቶ አንድ ሌሊት ቀስቅሶኝ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ የእኛን አገር በየት በኩል አወቀው?» አለኝ። ሰውዬው ሴት መሆኗን ነገርሁት። ጌድም ቀይ ዳማ ነው፣ የልብ ጓደኛው ጥቁር ነው፤ ደራሲዋ አስባ ያደረገችው ነው፤ ሽፋን ላይ ነጭ አድርገው ሲስሉባትም ተቃውማለች።

ጌድ በትዕቢት ተነሳስቶ መክፈት የሌለበትን በር ከፍቶ አንድ ጥላ ይለቅቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግራችሁም።

ሌሎቹን ቶሎ ልጥቀሳቸው። የቶልኪን የቀለበቱ ጌታ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሦስቱ ቅጾች እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ወጡ። ግን እንግሊዝኛው ገና ላልጠናለት ልጅ ዳገት ነው፤ በ1937 በወጣው በሆቢት ይጀምር። የሉዊስ ናርንያ ሰባት ቅጽ ነው፤ ለታናናሾቹ ጥሩ ነው። ሃሪ ፖተርም ሰባት ነው፤ እሱን ማንም ሳይመክረው ስልክ ላይ ፈልጎ ያገኘዋል። ናይጄሪያዊት አሜሪካዊቷ ንነዲ ኦኮራፎር እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረችው የአካታ ተከታታይ፣ አፍሪካዊ ምትሐት ለሚፈልግ አንባቢ ከናርንያ ይቀድማል እላለሁ።

ልጁ አሁን ወደ አገሩ ተመልሶ ሦስተኛው የኧርዝሲ መጽሐፍ ላይ ነው። ወገዳ ያሉት ጓደኞቹ ግን እንግሊዝኛው አልዘለቃቸውም። እሱ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ማታ ማታ ያነበበውን በአማርኛ ይተርክላቸዋል፤ አንዱ በስልክ ይቀዳል፣ ያልመጣው በማዳመጫ ይሰማል። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ አገር ሙሉ ጆሮውን አቁሞ እንደሰማው ያየን ሰዎች፣ መጽሐፍ በድምፅ የት እንደሚደርስ እናውቃለን።

ስለዚህ በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም የምታስተምሩ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ይኼን ነገሬን ተቀበሉኝ። የመጀመሪያው የኧርዝሲ መጽሐፍ ሁለት መቶ ገጽ ገደማ ነው። በዚህ ክረምት አንብቡትና፣ መስከረም ላይ ለተማሪዎቻችሁ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ ተርኩላቸው።