ቅርጽና ይዘት በአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ እድሳት

ያረጀ ቤት የሚያድስ ግንበኛ የትኛው ግድግዳ ጣሪያውን እንደተሸከመ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ይህ የእድሳት ችግር በኮምፒዩተር ጨዋታዎችም ታሪክ ውስጥ በግልጽ ታይቷል። ስታርክራፍት የተሰኘው የጦር ስልት ጨዋታ ለዚህ ጥሩ አስረጅ ነው።

ጨዋታውን ብሊዛርድ ኢንተርቴይንመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የዘመኑ ኮምፒዩተሮች አቅም ውሱን ስለነበር ሥዕሉ በ640 በ480 ነጥቦችና በ256 ቀለማት የተወሰነ ነበር። ግድፈትም አላጣውም። ተጫዋቹ በአንድ ትእዛዝ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ከ12 የማይበልጡ ተዋጊዎችን ሲሆን፣ አንዳንዶቹም መንገድ እየጠፋባቸው ይደናበሩ ነበር።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ከተወለደበት አገር ይልቅ በደቡብ ኮሪያ ሥር ሰደደ። ከ1997ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ኮምፒዩተር በሰዓት የሚያከራዩ ቤቶች ሲስፋፉ ወጣቱ በዚያ ተሰበሰበ፤ የሙያ ተጫዋቾች ቡድኖችና ውድድራቸውን የሚያስተላልፉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተቋቋሙ። እነዚህ ተጫዋቾች ግድፈቱን ወደ ጥበብ ለወጡት። ሙታሊስክ የተባሉት በራሪ ፍጡራን ርቆ ከቆመ ሌላ ተዋጊ ጋር በአንድ ቡድን ሲታዘዙ፣ በአንድ ቦታ ተደራርበው እንደሚበርሩ ደረሱበት። ባላጋራው ብዛታቸውን ሳይለይ ሁሉም በአንድ አፍታ ይመቱታል። የ12ቱ ገደብም የእጅ ቅልጥፍና መለኪያ ሆነ። በዚህ ሁኔታ ስሕተት የነበረው ወደ ሕግነት ተሸጋገረ።

እ.ኤ.አ. በ2017 እድሳቱን ያከናወኑት ባለሙያዎች የገጠማቸው ፈተና ይኸው ነበር። አዲሱ ሥዕል እስከ 3840 በ2160 ነጥቦች ስለሚደርስ ከቀድሞው 27 እጥፍ ነጥቦችን ይይዛል። ሠዓሊያኑ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ተጠቁሞ የነበረውን ትጥቅና አካል እንደ አዲስ መሣል ነበረባቸው። ነገር ግን ልምድ ያለው ተጫዋች ተዋጊውን የሚለየው በዝርዝሩ ሳይሆን በአጠቃላይ ቅርጹ ነው፤ ስለዚህ የያንዳንዱ ፍጡር ቁመናና አነዋወጥ እንዲጠበቅ ተደረገ። የጨዋታው ውስጣዊ ስሌት ከነግድፈቱ ሳይነካ ቀረ። ተጫዋቹ በጨዋታው መካከል አንድ ቁልፍ ሲጫን አሮጌውና አዲሱ ሥዕል ይፈራረቃሉ፤ ጦርነቱ ግን ያለማቋረጥ ይቀጥላል። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ሥራው ለሕዝብ የቀረበው በቡሳን ከተማ፣ ታላቁ የ2004 የፍጻሜ ውድድር በተካሄደበት በጓንጋሊ የባሕር ዳርቻ ነበር።

ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ሦስተኛውን ዋርክራፍት ሲያድስ ግን ውጤቱ ሌላ ሆነ። አዲሱ ፕሮግራም በአሮጌው ቦታ ስለተተካ፣ እድሳቱን ያልገዙ ተጫዋቾች እንኳ የለመዱትን የደረጃ ሠንጠረዥና የማኅበር አደረጃጀት አጡ። ተስፋ የተሰጠባቸው የትረካ ትዕይንቶችም አልተሟሉም። ቅሬታው ስለበረታ ኩባንያው ለጠየቁ ገዢዎች ገንዘባቸውን መለሰ።

በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት ከሥዕል ችሎታ የመነጨ አይደለም። የአንድ ጨዋታ ይዘት በፈጣሪዎቹ እጅ ብቻ አይቀረጽም፤ ለዓመታት የተጫወተበት ሕዝብ ይጨምርበታል። ስለዚህ ቅርጹን ሊያድስ የተነሣ ባለሙያ፣ የትኛው ግድግዳ ጣሪያውን እንደተሸከመ አስቀድሞ በቤቱ የኖሩትን መጠየቅ ይገባዋል።