ያረጀ መጽሐፍን በቤት ስለ መጠገን

ከአሶሳ በስተ ሰሜን የምትገኘው ሆሞሻ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአሶሳና ከቤላ ሻንጉል ጋር፣ በአገሩ ከነበሩት የሼኾች ግዛቶች አንዷ ነበረች። በ1890 ዓ.ም. የሐረር ገዢ የነበሩት ራስ መኰንን ወደዚያ ዘምተው አገሩን በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ግዛት ሥር አስገቡ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈረመው የወሰን ውልም ይህንኑ አጸና። ሼኾቹ ይጻጻፉ የነበሩት በዓረብኛ ስለሆነ፣ የዚያን አገር የቀድሞ ታሪክ የሚሻ ሰው ከሽማግሌዎች ቃል ቀጥሎ የሚጠይቀው አሮጌ የዓረብኛ ወረቀትን ነው። ወረቀትን ግን ምስጥና እርጥበት ይፈጁታል።

እንግዲህ የወረስነው መጽሐፍ ክሩ ሲበጠስ ምን እናድርግ? ራስ መኰንን ይገዟት በነበረችው በሐረር መልካም አርአያ እናገኛለን። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ ሐረሬ በገዛ ቤታቸው ጥንታውያን ጽሑፎችን ሰብስበው፣ የተጎዳውን ቅጠል እየጠገኑ በቆዳ እንደገና መደጎስ ጀመሩ። ስብስቡም ኋላ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ሙዚየም ሆነ።

እኛም በየቤታችን ልንሠራው የምንችል አለ። አስቀድሞ ቅጠሎቹን በተራ ማስቀመጥ ይገባል፤ በብዙ የዓረብኛ መጻሕፍት የሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ቃል ከፊተኛው ገጽ ግርጌ ስለሚጻፍ፣ የገጽ ቁጥር ባይኖርም ተራው ይገኛል። ከዚህ በኋላ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። ከጥላሸትና ከሙጫ የተሠራ ቀለም በውሃ ስለሚለቅ፣ ጽሑፉን ማርጠብ አይገባም። የተቀደደውን በስስ ወረቀትና ከስንዴ በተቀቀለ ቀጭን ማጣበቂያ ይደግፉታል፤ ይህ ቢሳሳቱ በጥቂት እርጥበት ይላቀቃልና። ፕላስተር ግን ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያበላሻል። ስፌቱም በአሮጌው ቀዳዳ ይለፍ።

ከሁሉ በላይ ጠርዙን አትቁረጡ። በኅዳጉ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የልጆች ልደትና የብድር ውል ይጻፋልና። ይህን የምነግራችሁ፣ የአያቴን ዳዊት አሳምራለሁ ብዬ ጠርዙን በመቀስ ስከረክም፣ አያቴ የጻፉትን የአባቴን የልደት ቀን ቆርጬ ስለጣልሁ ነው። አባቴ የተወለዱበትን ቀን ዛሬ የሚነግረኝ የለም።

ክቡራን አንባብያን፤ በሆሞሻም ይሁን በአዲስ አበባ፣ በሣጥን ውስጥ ያለ አሮጌ መጽሐፍ የቤተ ሰብ ብቻ ሳይሆን የአገር መዝገብ ነው። ጠጋኙ መጽሐፉን አዲስ ማስመሰል ሳይሆን፣ የተጻፈበትን ሁሉ ሳያጎድል ለልጅ ልጅ ማድረስ አለበት።