የታሪክ ማስታወሻ፦ የሪጀንት ፓርኩ ባለቅኔና የካሚላ አልበም

በዛሬው ማስታወሻችን የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኩባ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ድምፃዊት ካሚላ ካቤዮ፣ ከቀድሞ የቡድን ጓደኞቿ ተለይታ ለብቻዋ የሠራችውንና በገዛ ስሟ «ካሚላ» ብላ የሰየመችውን የመጀመሪያ አልበሟን በጃንዋሪ 12 ቀን 2018 ባወጣች ጊዜ፣ የተሸጠውና በኢንተርኔት የተደመጠው ተደምሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአሜሪካ 119,000 አልበም ያህል ስለ ተቆጠረላት፣ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነች፤ በዚያው ሳምንትም «ሃቫና» የተባለው ዘፈኗ የነጠላ ዜማዎችን ሰንጠረዥ ይመራ ነበር። ጋዜጦች ይህን የገበያ ድል በሰፊው አወሩ። በአልበሙ ውስጥ «ኦል ዚዝ ይርስ» የተሰኘውን ዘፈን ከደረሱት መካከል ሙስጠፋ አሕመድ የሚባል የቶሮንቶ ወጣት መኖሩን ግን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

ሙስጠፋ ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ ሲሆን ያደገው በሪጀንት ፓርክ ነው። ይህ ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የድኾች ጎጆዎች ፈርሰው መንግሥት በምትካቸው የኪራይ ቤቶች ያሠራበት፣ በካናዳ የመጀመሪያው ታላቅ የሕዝብ መኖሪያ ሲሆን፣ ከ2005 ወዲህ ደግሞ እርሱም በተራው እየፈረሰ እንደ ገና ይታነጻል። ሙስጠፋ ገና የ12 ዓመት ብላቴና ሳለ፣ የሰፈሩን ችግርና መከራ በግጥም እየጻፈ በጉባኤ ፊት በማንበብ ስሙ ተሰምቷል። የእኛው የኢትዮጵያውያን ልጅ አቤል ተስፋዬ በ2016 ባወጣውና በመጀመሪያው ሳምንት 348,000 ያህል በተቆጠረለት «ስታርቦይ» በተሰኘው አልበም ውስጥም፣ «አቴንሽን» የተባለውን ዘፈን ሙስጠፋ አብሮ ደርሷል። እንግዲህ የዓባይን ውኃ ከሚጠጡ ከሁለት አገሮች የወጡ ቤተሰቦች ልጆች በሰሜን አሜሪካ በረዶ መካከል በአንድ ዘፈን መገናኘታቸው ለእኔ ከሰንጠረዡ ቁጥር ሁሉ ይበልጥብኛል።

በጁን 2018 የሪጀንት ፓርክ ልጅና የሙስጠፋ የልብ ወዳጅ የነበረው ድምፃዊ ስሞክ ዶግ በቶሮንቶ በጥይት ተገደለ። ከዚያ በኋላ ሙስጠፋ ለሌሎች ያበድር የነበረውን ብዕር ለገዛ ኀዘኑ አዋለው፤ በሜይ 28 ቀን 2021 «ዌን ስሞክ ራይዝስ» የተባለውን፣ ስምንት ዘፈኖች ያሉትን ሥራውን «ሪጀንት ፓርክ ሶንግስ» በሚል የአሳታሚ ስም አወጣ። ዜማው ረጋ ያለ የጊታር ዜማ፣ ቃሉም እንደ አገራችን ሙሾ የሟቹን ስምና ወግ የሚያነሣ ነው። የገበያው ሰንጠረዥ እንደ ካሚላ አላነገሠውም። በዚያው ዓመት ግን በካናዳ ለፖላሪስ ሽልማት ከታጩት የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ ሆነ፤ በ2022ም የጁኖ ሽልማትን በአማራጭ አልበም ዘርፍ ተቀበለ። በእኔ ፍርድ ይህ ምስጋና ለባለቅኔው የተገባ ነው፤ የብዙ ሰዎችን ዘፈን ሲያሳምር የኖረ ሰው የሰፈሩን ስም በራሱ ሥራ ላይ ጽፎ አስነብቧልና።

በአገራችንም እነ ይልማ ገብረአብና እነ አበበ መለሰ ስንት ታላላቅ ድምፃውያንን በግጥምና በዜማ እንዳቆሙ፣ ስማቸው ግን በካሴቱ ልባስ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፍ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ አድማጮቻችን፣ አንድ አልበም በእጃችሁ ሲገባ ከድምፃዊው ስም ቀጥላችሁ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ስም ፈልጋችሁ እንድታነቡ በትሕትና እንለምናችኋለን።