በጆሮ ውስጥ የሚተከለው መስሚያ ታሪክ፤ ከሞያሌ ሲታይ

ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ተሻግሬ በነበረበት ጊዜ ከአንድ የቡርጂ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር። የነጋዴው ልጅ ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆን ከጆሮው ኋላ ትንሽ መሣሪያ አንጠልጥሏል፤ ከራሱም ጎን አንድ ክብ ነገር ተለጥፎበታል። ይህ ናይሮቢ ተወስዶ በቀዶ ሕክምና የተተከለለት፣ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው መስሚያ ነው። አባትየው መምህር መሆኔን እንዳወቀ፣ «ያጠራቀምሁትን ሁሉ አፍስሼ በአራት ዓመቱ አስተከልሁለት። እቤት ስጠራው ይሰማኛል፤ ከትምህርት ቤት ግን ‹ልጅህ አይሰማም› እያሉ ይልኩብኛል። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የልጁ?» ሲል ጠየቀኝ።

በዚያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ወደ ሥራዬ ከተመለስሁ በኋላ የመሣሪያውን ታሪክ ሳገላብጥ ግን ይኸው ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተመራማሪዎቹን ሲያስጨንቅ እንደኖረ ተረዳሁ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በኤሌክትሪክ መስማት ይቻል እንደሆነ በገዛ ጆሮው የሞከረው ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ነበር። ሁለት የብረት ዘንጎች በጆሮዎቹ ከትቶ ከሠራው ባትሪ ጋር ባገናኛቸው ጊዜ ራሱን የመታው ያህል ተሰማው፤ ቀጥሎም ወፍራም ፈሳሽ ሲፈላ የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰማ። እኛ ብንሆን እንደሚንተከተክ ሽሮ ነው ባልን ነበር። ቮልታ ይህን በ1800 ጽፎ ካሳወቀ በኋላ ሙከራውን ሊደግመው አልፈለገም፤ አይፈረድበትም።

ከዚህ በኋላ ከመቶ ኃምሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ በየካቲት 1957 ፓሪስ ላይ አንድሬ ዡርኖና ሻርል ኤሪዬስ ሁለቱም ጆሮዎቹ በደነቆሩ ሰው የመስማት ነርቭ ላይ ሽቦ አኖሩ። ሰውየው በመጀመሪያ የሰማው እንደ ፌንጣ ጩኸት ያለ ድምፅ ነበር። በየቀኑ ሲለማመድ ግን ጥቂት ቃላትን እስከ መለየት ደረሰ። መሣሪያው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተበላሸ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በ1961 ሎስ አንጀለስ ላይ ዊልያም ሃውስ የተከላቸው ደግሞ ሰውነት ስላልተቀበላቸው መውጣት ግድ ሆነ። ሃውስ ተስፋ ሳይቆርጥ ቆይቶ ባለ አንድ ሽቦ መሣሪያ አበጀ። በ1977 ሮበርት ቢልገርና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለ መሣሪያ የተከሉ 13 ሰዎችን መርምረው፣ ንግግርን በመሣሪያው ብቻ መረዳት እንደማይችሉ፣ ነገር ግን ከንፈር ለማንበብና የራሳቸውን ድምፅ ለመቆጣጠር እንደረዳቸው መሰከሩ።

አውስትራሊያዊው ግሬም ክላርክ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ ነበር። አባቱ መስማት እየተሳናቸው ስለሄዱ ደንበኞች የሚፈልጉትን ጮኸው ለመናገር ይገደዱ ነበር። ክላርክ አድጎ በነሐሴ 1978 ሜልበርን ላይ ብዙ ኤሌክትሮዶች ያሉትን መሣሪያ ለሮድ ሳንደርስ ተከለ። ሳንደርስ በመኪና አደጋ መስማት ያጣ ጎልማሳ ነበርና ቋንቋው ከአእምሮው ውስጥ ነበረ። ሲወለድ ጀምሮ ያልሰማ ሕፃን ግን የሚያስታውሰው ድምፅ የለውም። አሜሪካ በ1985 ለአዋቂዎች የፈቀደችውን የክላርክን መሣሪያ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ለሞላ ሕፃናት የፈቀደችው በ1990 ነበር። በ2002 አኑ ሻርማና ባልደረቦቿ የአእምሮን ምላሽ ለክተው፣ ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት የተተከለላቸው ልጆች አእምሮ ከሚሰሙት ልጆች ጋር እንደሚስተካከል፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ይህ እጅግ አዳጋች እንደሚሆን አሳዩ። የሞያሌው ልጅ በመካከል ላይ ነው ማለት ነው።

ዕድሜ ብቻ ግን ነገሩን አይቋጨውም። ፒተር ብሌሚና ተባባሪዎቹ በ1996 የ808፣ በ2013 የ2251 አዋቂዎችን ውጤት አነጻጽረው ነበር። ሰውየው ሳይሰማ የኖረበት ዘመን ብዛት ለውጥ ያመጣል፤ ነገር ግን የመዘገቧቸው ምክንያቶች ሁሉ ተደምረው የውጤቱን ልዩነት የሚያስረዱት በጥቂቱ ብቻ ነበር። በ2010 የወጣው የጆን ኒፓርኮና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ 188 ሕፃናትን ለሦስት ዓመት ተከታትሎ፣ ቀደም ብለው ከተተከለላቸው ሌላ ወላጆቻቸው ተግተው የሚያነጋግሯቸው፣ የቤተሰባቸውም ኑሮ የተሻለ ልጆች ንግግር ፈጥነው እንደሚያዳብሩ ገለጠ። መሣሪያው አንድ ሆኖ ቤቱ ይለያያል።

መምህራንን በይበልጥ የሚመለከተው የጫጫታ ነገር ነው። በጤናማ ጆሮ ውስጥ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉ 3500 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ በመሣሪያው ላይ ያሉት ኤሌክትሮዶች ግን ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 22 ናቸው። ጸጥ ባለ ክፍል በአንድ እርምጃ ርቀት የተነገረ ቃል በነዚህ በጥቂቶቹ ያልፋል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወይም ስድሳ ልጅ በአንድነት ሲያነብ ግን ንግግርና ጩኸት ይቀላቀላሉ። ልጁ ቤት ሰምቶ ትምህርት ቤት አለመስማቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ እንቢተኝነት አይደለም።

ሞያሌ ደግሞ የራሷን ትጨምራለች። ይህ ልጅ ከእናቱ ጋር ቡርጂኛ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር የቦረና ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይሰማል፤ ከወዲህኛው ወገን የሚመጣው ደንበኛ በአማርኛ ዋጋ ይከራከራል። መሣሪያው የድምፅን ርዝመት ከቅላፄው በተሻለ ስለሚያስተላልፍ፣ እንደ እኔ አስተያየት «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሲነገር ለመለየት ተስፋ አለው፤ ይህም ቢሆን ቃሉ በቅርብና ደጋግሞ ሲነገረው ነው። አቧራው፣ የመብራቱ መቆራረጥና የባትሪው ማለቅም አሉ፤ ባትሪው ያለቀበት ልጅ ሙሉ በሙሉ ደንቆሮ ነው። ከሁሉ የከበደው ርቀቱ ነው። መሣሪያው ከተተከለ በኋላ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ በባለሙያ መስተካከል አለበት፤ ሞያሌ ግን ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አባትየው በሦስት ዓመት ውስጥ ልጁን የወሰደው አራት ጊዜ ብቻ ነው። «ሱቁን ማን ይጠብቅልኝ?» አለኝ።

አንዳንዶች ልጁ ምልክት ከለመደ ንግግር ይተዋል ብለው መክረውታል። ክርክሩ በሊቃውንት ዘንድም አልተቋጨም። ነገር ግን የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት የኬንያን የምልክት ቋንቋ ከፓርላማ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ ባትሪ ባለቀበት ሰዓት ልጁ የሚናገርበት ቢያገኝ ምን ይጎዳል?

በሁለተኛው ጉዞዬ ከአባትየው ጋር ወደ ልጁ አስተማሪ ሄድን። ወጣትና ቅን ሰው ነው፤ ስለ መሣሪያው የነገረው ሰው አልነበረም። ክፍሉ ከወፍጮ ቤት ጋር ይጎራበታል፤ ልጁም የሚቀመጠው በወፍጮው በኩል ካለው መስኮት ሥር ነበር። አስተማሪው እኛ ቆመን ሳለን ወንበሩን አንሥቶ ከፊተኛው ረድፍ ከራሱ ጠረጴዛ አጠገብ አደረገለት። ከሰሌዳው ጋር ማውራቱንም ለመተው ቃል ገባ። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ግን ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ያነጋገረው የለም።