ሰጋር ስቴሽን፦ ጓዝ ጭና ለምትፈጥን መኪና የሚሆን ስም

ጣሪያዋ እስከ ኋላ የሚዘልቅ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከተሳፋሪው ክፍል ጋር የተያያዘ መኪና እንግሊዞች «ኢስቴት» ይሏታል። ቃሉን እንዳለ የመለሰ ሰው «የርስት መኪና» ይልና ያስቃል። ነገር ግን ሩቅም አልሄደም። ስሙ በእርግጥ የመጣው ከገጠር ርስት ነው፤ ባለርስቱ እንግዶቹን ከነሻንጣቸው ከባቡር ጣቢያ ወደ ግቢው የሚያመላልስባት መኪና ነበረች። አሜሪካኖች ያንኑ መንገድ ከወዲያኛው ጫፍ አይተው በጣቢያው ሰየሟት፤ «ስቴሽን ዋገን» ማለት የጣቢያ ጋሪ ነው። ጀርመኖች ሰውንም ዕቃንም አጣምራ ስለምትይዝ «ኮምቢ» አሏት። አምራቾቹ ደግሞ የየራሳቸውን ስም ለጥፈውባታል፦ አውዲ «አቫንት»፣ ቢኤምደብልዩ «ቱሪንግ»።

እኛ ከአሜሪካኖቹ ወስደን «ስቴሽን ዋገን» ብለን፣ ሲረዝምብን «ስቴሽን» ብለን አሳጠርነው። ችግሩ ቃሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቁመት መጨመሩ ነው። ቶዮታ ረጅሙን ላንድክሩዘር በዚሁ ስም ሲሸጥ ስለኖረ፣ «ስቴሽን» ሲባል ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው ፖርቶመጋላ የተገጠመለት የመስክ መኪና ነው። እዚህ የማወራላችሁ መኪና ግን ከአውቶሞቢል እኩል ዝቅ ያለች፣ ከኋላ የሕፃን ጋሪና የሳምንት አስቤዛ የምትይዝ፣ ከፊት ደግሞ የስፖርት መኪና ሞተር የተሸከመች ናት። ለዚህች ለየት ላለችው የአማርኛ ስም የለንም።

«ፈጣን የቤተሰብ መኪና» የሚለውን ሞከርኩት። ለማንኛዋም መኪና ይሆናል፤ ስለዚህ ለማንኛዋም አይሆንም። «ጓዘ ብዙ» ለጆሮ ይጥማል፣ ግን ሹፈት አለበት። «አጋሰስ» ለጭነት ከብት ትክክለኛው ቃል ነበር፤ ሆኖም ዛሬ ሰውን «አጋሰስ» ብለህ ብትጠራው ስለ ጭነት ችሎታው እንዳወራህ አድርጎ አይወስደውም። በመጨረሻ ያገኘሁት «ሰጋር»ን ነው። ሰጋር በቅሎ አትጋልብም፣ ሶምሶማም አትረግጥም፤ ፈጥና ትሄዳለች፣ የተቀመጠባትን ግን አትንጥም። ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ወገቡን ሳያመው የሚወርድ ሰው የሰጋር ባለቤት ነው። ስለዚህ፦ ሰጋር ስቴሽን። ከላንድክሩዘሩ ጋር ትምታታለች ብዬም አልሰጋም፤ ላንድክሩዘር ብዙ ሙያ አለው፣ መስገር ግን ከሙያዎቹ አንዱ አይደለም።

አሁን ስሙን እንፈትነው። የዚህ ዘር እናት ማን ናት ቢባል ክርክር ይነሳል። የቢኤምደብልዩ ወዳጆች እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 የተሠራችውን፣ በጠቅላላው 891 ብቻ የሆነችውን ኤም 5 ቱሪንግ ይጠሩልሃል። የቮልቮ ወዳጆች ደግሞ 1994ን ያነሳሉ፤ በዚያ ዓመት ቮልቮ በእንግሊዝ የአውቶሞቢሎች እሽቅድምድም ሻምፒዮና ላይ 850 ስቴሽኑን ይዞ ቀርቦ ተመልካቹን አስቆታል። (ከውድድሩ በፊት በነበረው የሰላምታ ዙር ላይ ከኋላ ትልቅ የአሻንጉሊት ውሻ ጭነው ነበር፤ ሳቁን ራሳቸውም ፈልገውት ነበር ማለት ነው።) እኔ ግን እናት ብዬ የማቀርበው በዚያው 1994 የወጣችውን አውዲ አርኤስ 2 አቫንት ነው። አውዲ 80 የተባለውን የቤተሰብ ስቴሽኑን ለፖርሸ ሰጠ። ፖርሸ ሞተሩን አጎለበተ፤ ፍሬኑን፣ ቸርኬውንና የጎን መስታወቱን ከራሱ መኪኖች አምጥቶ ገጠመ፤ ሽቱትጋርት ዙፈንሃውዘን በሚገኘው ፋብሪካውም ገጣጠማት። ሞተሯ 2.2 ሊትር፣ ባለ አምስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የተገጠመለት ሲሆን 315 የፈረስ ጉልበት አለው። ከቆመችበት ተነስታ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 5.4 ሰከንድ ይበቃታል። ከ2,900 በታች ነው የተሠሩት።

አጠገቧ የልጅ ልጇን እናቁም፤ በ2019 የወጣችውን አርኤስ 6 አቫንት። ስምንት ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ፣ 600 የፈረስ ጉልበት፣ 3.6 ሰከንድ። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ግን ለየዕለት አነዳድ ቁጥሩ ብዙም አይነግረንም። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው 3.6 ሰከንድ ምን ያደርግለታል? ልዩነቱ ያለው ቀስ ሲባል ነው።

አርኤስ 2 ሙሉ የመጎተት ኃይሏን የምትሰጠው ሞተሯ በደቂቃ 3,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ቱርቦው ገና አልነቃምና ተራ የቤተሰብ መኪና ናት፤ ከነቃ በኋላ ደግሞ እንደተወነጨፈ ድንጋይ ትሆናለች። ማርሹ በእጅ ነው፣ ስድስት። ከተማ ውስጥ ሾፌሩ ሥራ አያጣም፦ ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ማርሽ መቀነስ፣ ቱርቦው እስኪነቃ መጠበቅ፣ ሲነቃ ደግሞ ከፊት ያለውን መኪና ላለመግጨት ፍሬን መያዝ። አርኤስ 6 ከ2,000 ዙር ትንሽ አለፍ ሲል የመጎተት ኃይሏን በሙሉ ታወጣለች፤ ማርሹን ራሷ ትቀይራለች። ፀጥ ብለህ ስትነዳ ከስምንቱ ሲሊንደሮች አራቱን ታሳርፋለች፤ አውራ ጎዳና ላይ እግርህን ካነሳህ ሞተሯን እስከ 40 ሰከንድ አጥፍታ በሩጫዋ ብቻ ትንሸራተታለች። ሾፌሩ ምንም አይሰማውም። መስገር ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስሙ ራሴኑ አጠመደኝ። የዘሩ እናት ብዬ ያቀረብኳት አርኤስ 2 ትጋልባለች እንጂ አትሰግርም። ስሙ የሚገባው ለልጅ ልጅዋ ነው። ይሁን፤ በቅሎም ብትሆን እናቷ ፈረስ ናት።

ለአሮጌዋ የሚከራከር ነገር ግን አለ፣ እሱም መጠን ነው። አርኤስ 2 ርዝመቷ 4.51 ሜትር፣ ክብደቷ 1,600 ኪሎ ገደማ ነው። አርኤስ 6 ወደ አምስት ሜትር ትጠጋለች፣ ወርዷ ያለ መስታወቶቿ 1.95 ሜትር ነው፣ ክብደቷ ሁለት ቶን አልፏል። በአሮጌ የአውሮፓ ከተማ ጠባብ የምድር ቤት ማቆሚያ ውስጥ ይህን ይዞ መዞር ጭንቅ ነው፤ የማቆሚያዎቹ መስመሮች የተሠመሩት ለአርኤስ 2 ዘመን መኪኖች ነው። በ2024 የወጣችው ኤም 5 ቱሪንግማ 2,475 ኪሎ ትመዝናለች። ክብደቱ በከፊል የባትሪ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ያለ ነዳጅ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳታል። 727 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና፣ ማታ ማታ ባትሪዋ ከተሞላ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሞተሯን ሳትቀሰቅስ ሥራ ተመላልሳ መግባት ትችላለች ማለት ነው። ጎማውና ፍሬኑ ግን ክብደቱን ይከፍላሉ፤ ከነሱ ጋር ባለቤቱም።

ሕጉ ደግሞ አዲሷን አርኤስ 6 ያግዛል። ለንደን ውስጥ አርኤስ 2 ይዞ የሚወጣ ሰው የጭስ ደረጃዋ ዝቅተኛ ስለሆነ በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል፤ አዲሷ አትከፍልም። በየቀኑ የሚነዳ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።

ብትጠይቁኝ ለዕለት አዲሷን አርኤስ 6 እወስዳለሁ፤ ከአዲሷ ኤም 5 ይልቅ እሷን፣ ምክንያቱም 400 ኪሎ ትቀላለች። አርኤስ 2ን የእሑድ አደርጋታለሁ። እንዲህ ያለው ምርጫ ግን ፍራንክፈርት ወይም ዋሽንግተን ላሉ ወገኖቻችን እንጂ አዲስ አበባ ላለው አይደለም፤ ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱ ሰጋር ስቴሽኖች ግን ተወልደዋል፤ ቢኤምደብልዩ አይ 5 ኤም 60 ቱሪንግ 601 የፈረስ ጉልበት አላት፣ ማርሚታም የላትም። ለስሙ ከሁሉም የምትቀርበው ምናልባት እሷ ናት። ከ«ሰጋር ስቴሽን» የተሻለ ስም ያላችሁ ግን ወዲህ በሉ፤ ይህኛው ገና አልጸደቀም።