አማተር ሬዲዮ፡- ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቀረው መገናኛ

አማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለእርስ በርስ ግንኙነት የሚጠቀሙበት አገልግሎት ነው። ለሕዝብ ዜናና ሙዚቃ ከሚያሰራጩ ጣቢያዎች የሚለየው እያንዳንዱ ተጠቃሚ መልእክት ላኪም ተቀባይም በመሆኑ ነው። የየአገሩን ማኅበራት የሚያስተባብረው ዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1925 በፓሪስ ተመሠረተ።

አጭር ሞገድ ማማም ሆነ ገመድ ሳይሻ አህጉር የሚያቋርጠው አዮኖስፌር ከተባለው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ወደ ምድር ስለሚመለስ ነው። ቀን የማይሰማ የመካከለኛ ሞገድ የሩቅ ጣቢያ ሲመሽ ጥርት ብሎ የሚሰማውም፣ ቀን ሞገዱን የሚውጠው የአዮኖስፌር የታችኛው ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚሳሳ ነው።

ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ከሩቅ ሰው ጋር ለመነጋገር ብቻ አማተር ሬዲዮን የሚሻ ሰው ቀንሷል። ይሁን እንጂ ስልክና ኢንተርኔት በማማ፣ በፋይበርና በኤሌክትሪክ ኃይል ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ፣ ከደሴቲቱ የሞባይል ጣቢያዎች 95 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። የአሜሪካ ቀይ መስቀልም የአገሪቱ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር 50 በጎ ፈቃደኞችን እንዲልክለት ጠየቀ። ለእንዲህ ያለው ሥራ አነስተኛ ማሠራጫ፣ የመኪና ባትሪና በሁለት ዛፎች መካከል የተዘረጋ ሽቦ ሊበቃ ይችላል።

ኢንተርኔትና ኮምፒውተር ለአማተር ሬዲዮ አዲስ በርም ከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ኤፍቲ8 የተሰኘ የመገናኛ ዘዴ፣ ጆሮ የማይለየውን ደካማ ምልክት በኮምፒውተር ይፈታል። ከአዘጋጆቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ጆሴፍ ቴይለር ናቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የመጠቀችው የኳታር ሳተላይት ኤስሃይል-2 ደግሞ አፍሪካን ጨምሮ ሰፊ አካባቢ ላሉ አማተሮች የመገናኛ ድልድይ ሆናለች።

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» በተሰኘ መለያ የሚታወቅ ሲሆን፣ «ኢቲ» የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የጥሪ ምልክት ነው።

አገልግሎቱ ገደብም አለው። ያለ ፈቃድ ማሠራጨት ክልክል ነው፤ እህል ለመሸጥም ሆነ ለሌላ ንግድ አይውልም፤ ንግግሩንም መቀበያ ያለው ሁሉ ሊሰማው ስለሚችል ምስጢር አይነገርበትም። ከሁሉ በላይ፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ዕለት ባለሙያ ማሠልጠን አይቻልም። ስለዚህ የአማተር ሬዲዮ የወደፊት ዕጣ የሚወሰነው ከኢንተርኔት ጋር በሚያደርገው ፉክክር ሳይሆን፣ አደጋ ከመድረሱ በፊት ሠልጥነውና ፈቃድ ይዘው በየአካባቢው በሚገኙ ወጣቶች ብዛት ነው።